ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ፦ ከጎጃም በረንዳ እስከ ደብረ ማርቆስ

መርካቶ ውስጥ ሰፈር የሚሰየመው በሚሸጠው ዕቃ ወይም ከሩቅ በመጣው ሰው ነው። ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ እህል በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ። ጎጃም በረንዳ ከአውቶቡስ ተራና ከእህል በረንዳ ብዙም ሳይርቅ ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ነጋዴ፣ ተማሪና ሥራ ፈላጊ ዕቃውን የሚያወርድበት፣ ዘመድ የሚያፈላልግበት፣ አልጋ የሚይዝበት ሰፈር ሆኖ ኖሯል። እዚያ ሰው በስሙ ብቻ አይታወቅም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ ከማን ጋር ዕቁብ እንደሚጥል፣ ማታ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ ሁሉ ይታወቃል። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዱቤ የሚገኘው በዚሁ መታወቅ ነው። ለሰፈር ወንበር ለሚወዳደር ሰው ግን ያው መታወቅ ሁለት ስለት አለው። የሚመርጠው ሰው ያውቀዋል። የሚጠላውም ያውቀዋል፤ በሩን ጭምር።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረቱ። ተረቱ ሹመትን ሲያነሳ የሚታየው ገበታ ነው። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የአዲስ አበባ ታሪክ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፤ የቀበሌ ወይም የከተማ ወንበር የፈለገ ሰው አሸንፎም ሆነ ተሸንፎ በሰላም ቤቱ ገብቷል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። ከባዱ አደጋ በብዛት የመጣው በቅስቀሳው ሰሞን ወይም ሕዝቡ ተሰልፎ ድምፅ በሰጠበት ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ታዛቢው ሻንጣውን ሲያነሳ፣ ጋዜጠኛው ወደ ሌላ ወሬ ሲዞር፣ ፓርቲው ቢሮውን ሲቆልፍ። የዕጩ ደህንነት ሲባል ግን ዛሬም የሚታሰበው እስከ ድምፅ መስጫው ቀን ድረስ ብቻ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ደርግ በዚያን ዕለት አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ሕዝቡ ቀበሌ ብሎ በለመደው አካል እጅ ገቡ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና ወደ ሦስት መቶ በሚጠጉ ቀበሌዎች ተከፋፈለች። መርካቶና አካባቢው ደግሞ ጠባብ ክፍሎችና አነስተኛ ኪራይ የበዛበት ሰፈር ስለነበር አብዛኛው ቤት በአንድ ጊዜ የቀበሌ ቤት ሆነ። ትናንት ለአከራዩ ወር ሲደርስ ብር የሚቆጥር ሰው ዛሬ ለቀበሌው ይቆጥራል። የቀድሞ ባለቤቶች በመጀመሪያው ዙር እንዳይመርጡም እንዳይመረጡም ተከለከሉ።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ዛሬ መገመት ይከብዳል። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የሰፈር ሹመት ማለት ከላይ የሚወርድ ነበር። አሁን ግን መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ «እኔ እሆናለሁ» የሚልበት ወንበር ተፈጠረ። ሥራው ኪራይ መሰብሰብ፣ ቤት ማከፋፈል፣ ጠበኛ ማስታረቅ ነበር፤ ኋላ ላይ ስኳርና ዘይት ማከፋፈልም ተጨመረበት። ገና ከጅምሩ ደመወዝ የሚያስጎመጅ፣ ሰው የሚጋደልበት ወንበር አይመስልም ነበር።

አንድ ዓመት ሳይሞላው ግን ወንበሩ ሁለት ድርጅቶች የሚናጠቁት ሆነ። መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» በሚል መርህ ከደርግ ጋር ሲሠራ ቀበሌ የሕዝብ ሥልጣን መሠረት ነው ብሎ አባሎቹን ወደዚያ አሰማራ። ኢሕአፓ በበኩሉ ወታደራዊውን መንግሥት አልቀበልም፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ይል ነበር፤ እሱም በየቀበሌው ሰው ነበረው። መስከረም 13 ቀን 1969 በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 21፣ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌን አጠናከረው፤ የፍርድ ሸንጎም የጥበቃ ኮሚቴም እንዲኖረው አደረገ። አብዮት ጥበቃ የሚባለው ታጣቂ በየሰፈሩ የታየው ከዚህ በኋላ ነው።

የቀበሌ ምርጫው የተካሄደውም በዚሁ ጊዜ ነው። የተመረጡት ሰዎች ዕጣ ምን ሆነ? የኢሕአፓ የከተማ ስኳዶች የቀበሌ ሊቀመናብርትንና የአብዮት ጥበቃ አባላትን፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን ዒላማ አደረጉ። የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በ1969 በጥይት ተገደለ። በቀበሌ ደረጃ የወደቁት ስማቸው ለታሪክ መጽሐፍ የማይደርስ ሰዎች ናቸው። የመንግሥት ጋዜጣና ሬዲዮ ሞታቸውን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀመበት፣ ኢሕአፓ ደግሞ «ባንዳ» አላቸው። ከሁለቱ ወገን ማንም እንደ ሰፈር ሰው ሊያለቅስላቸው ጊዜ አላገኘም።

የሰፈር ተመራጭ ለስኳድ ለምን ቀላል ዒላማ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሚኒስትር አጃቢና መኪና አለው፤ ግቢው በጥበቃ የታጠረ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ግን በእግሩ ይሄዳል። ዳቦ የሚገዛበት ሱቅ ይታወቃል። ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅና በየት በኩል ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ይታወቃል። ተኳሹም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ አልነበረም፤ ከሁለት ቅያስ ማዶ ያደገ ልጅ ነበር። ያኔ ራስን መጠበቅ ማለት ቤት አለማደር፣ መንገድ መቀያየር፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ሆነ። ጎረቤቱ የመረጠው ሰው ከጎረቤቱ ተደብቆ ማደር ጀመረ።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ጠመንጃ ነበር። ከዚያ ዘመን ሁሉ ከባዱ ስህተት ምናልባት ይህ ነው። ሐዘኑ እውነት ነበር፣ ስጋቱም እውነት ነበር፤ ሰው እየተገደለ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጠመንጃው ተመራጩን ከለላ ሲሰጠው ከመራጩ ደግሞ ነጠለው። በጠባቂ ታጅቦ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሊቀመንበር ፊት ሰው አፉን ይዘጋል። እድር ላይ ቅሬታ የሚነግረው፣ «እገሌ ሊጎዳህ ነው» ብሎ በጆሮው የሚያንሾካሹክለት ሰው ያጣል። ወሬ የሚነግረው ጎረቤት ያልቀረበት ሊቀመንበር አምስት ታጣቂ ካቆመ ሊቀመንበር ይሻል ነበር። በዚያ ላይ የፍርድ ሸንጎው፣ ጠመንጃውና የኪራይ ደረሰኙ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መቀመጣቸው ወንበሩን ራሱን አደገኛ አደረገው። ኪራይ የሚሰበስብን ሰው ማንም ለመግደል አይነሳም። ሰው የሚያስርና የሚገድልን ሰው ግን ብዙ ሰው ይፈልገዋል።

በመጋቢት 1969 የቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። በሩን እያንኳኳ የገባው ያው የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ ነበር። ሚያዝያ 21 ምሽት በሜይ ዴይ ዋዜማ በአዲስ አበባ የተገደሉት ወጣቶች ጉዳይ እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው። ከተመራጮቹ መካከል በደሙ የከፋው የአራት ኪሎ አካባቢው የቀበሌ ሊቀመንበር ግርማ ከበደ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ጭምር ካሉበት ግድያ ጋር ስሙ ተያይዞ ደርግ ራሱ በዚያው ዓመት በአደባባይ ረሸነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ከፊሎቹ በስኳድ ጥይት፣ አንዱ ደግሞ በሾመው መንግሥት ጥይት ሞቱ።

የመኢሶን አባላት የሆኑት ተመራጮች ዕጣ ከዚህም ይገርማል። በነሐሴ 1969 መኢሶን ከደርግ ጋር ተቆራርጦ ወደ ሕቡዕ ገባ። ትናንት በአብዮቱ ስም ጠመንጃ የታደላቸው የቀበሌና የከፍተኛ መሪዎች በማግሥቱ «ክህደት ፈጸሙ» ተብለው ራሳቸው የሚታደኑ ሆኑ። እንዲጠብቃቸው የተሰጠው ጠመንጃ የማን እንደነበረ ያኔ ግልጽ ሆነ። ባለቤቱ ሲፈልግ ሰጥቷል፣ ሲፈልግ ነጥቋል። ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የቀበሌ ሹማምንት በየሰፈሩ እየተለቀሙ ታሰሩ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ የመሠረተባቸው ሰዎች ቁጥር 5,198 ሲደርስ ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሚኒስትር ወይም ጄኔራል ሳይሆኑ የቀበሌና የከፍተኛ ሰዎች ነበሩ። ጥፋተኛው በጥፋቱ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ግን በ1968 ጎረቤቶቹ «አንተ ትሻላለህ» ብለው ያስቀመጡት መምህር ከሃያ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም ያ ወንበር ምን ያህል ረጅም ወጥመድ እንደነበር ይታያል።

ስለ ቀይ ሽብር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ስለ ድርጅቶቹ ነው፤ ማን ጀመረ፣ ማን ቀጠለ። ክርክሩ የሚያልቅ አይመስልም። ለአካባቢ ምርጫ ታሪክ ግን ከዚያ ዘመን የቀረው ውርስ ሌላ ነው። መርካቶ ያለ አባት ልጁን «ከቀበሌ ነገር ራቅ» ብሎ ማሳደግ ጀመረ። ቤተሰብ ለኮሚቴ እንዳይመረጥ የሚያማልደው፣ በስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ «እኔ ሥራ ይበዛብኛል» የሚባለው ልማድ ከዚያ የመጣ ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም።

ጥይት ዝም ካለ በኋላም ሌላ ዓይነት ስጋት ቆየ። ስለ ዕጩ ደህንነት ሲወራ በብዛት የሚረሳው ይኼኛው ነው። አዋጅ 47 ቤቱን ለቀበሌ ሰጠ፣ ቤቱም የቀበሌ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ጎጃም በረንዳ ላይ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው በተቃዋሚ ስም ሲወዳደር የሚገጥመው ተራ ተፎካካሪ አይደለም፤ አከራዩን ነው። መታወቂያ የሚያድሰው፣ ለንግድ ፈቃድ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ጣራው ሲያፈስ እንዲያድስ ወይም እንዳያድስ የሚፈቅድለት ያው ጽሕፈት ቤት ነው። ካርታ የለውም፤ ያለው የኪራይ ውል ነው። መደብ ላይ የሚሸጠውም ቦታው በስሙ አይደለም። እንዲህ ያለን ሰው ከውድድር ለማስወጣት ማንም ሽጉጥ መሳብ አያስፈልገውም፤ «ፋይልህን እያየን ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ባለቪላው ይህን ስጋት አያውቀውም። መርካቶ ግን ያውቀዋል፤ እንቅልፍ የሚነሳውም ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቀ ግን መርካቶ በ1997 ወጣ። ግንቦት 7 ቀን 1997 የአዲስ አበባ ሕዝብ ሌሊቱን ሁሉ ተሰልፎ ድምፅ ሰጠ። ለከተማው ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን ወሰደ። ካሸነፉት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በፖለቲካ የማይታወቁ ሰዎች ነበሩ። ቅንጅት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጠ። የምርጫው ዕለት ራሱ በሰላም አለፈ፤ የውጭ ታዛቢዎችም ይህንኑ መስክረዋል። በዚያው ዕለት ማታ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ ለአንድ ወር ከለከሉ። ውጤቱ ገና ተጣርቶ ሳያልቅ፣ ከድምፁ 24 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ። መርካቶና አካባቢው ሰው ከሞተባቸው ሰፈሮች አንዱ ነበር። በጥቅምት 1998 መጨረሻ ሁለተኛው ዙር መጣ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት በሁለቱ ዙር 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጠዋል፤ የፖሊስ አባላትም ሞተዋል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ሳይቀሩ አገር ጥለው ወጡ።

የተመረጡትስ? ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ ሳይሆኑ ቃሊቲ ገቡ። የፓርቲው መሪዎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። በየሰፈሩ የታፈሱት ወጣቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ደዴሳና ሌሎች ካምፖች ተወስደዋል። ለእስር ዝርዝር የሚያዘጋጀው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ግልጽ ነው። ከተማዋ እስከ 2000 በብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ስትመራ ቆየች። ቅንጅት ምክር ቤቱን ልግባ አልግባ እያለ ያመነታበት ውሳኔ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ለብቻው የሚያከራክር ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው ግን አንድ ነገር አለ። ፓርቲው ለምርጫው ዕለት ታዛቢ፣ ጠበቃ፣ ስልክ፣ ተወካይ አዘጋጅቶ ነበር። ከግንቦት 8 ጀምሮ ባሉት ሳምንታት በየወረዳው ያሸነፈውን ሰው ማን እንደሚጠብቀው፣ ቢታሰር ለቤተሰቡ ማን እንደሚደርስ ግን እንደዚያው የታሰበበት አይመስልም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት የወሰደው እርምጃ በራሱ መንገድ ብልህ ነበር። ለ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ15 ወደ 300 ከፍ አለ። በመላ አገሪቱ የሚሞላው ወንበር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው ገዥው ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ተቃዋሚው በአንድ ቀበሌ ሦስት መቶ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን አስቀምጦ «እኔ ተቃዋሚ ነኝ» እንዲል መለመን ነበረበት፤ ከ1998 ሁለት ዓመት በኋላ፣ በየቤቱ ገና እስረኛ እየተጠየቀ። ትልልቆቹ ተቃዋሚ ቡድኖች ምርጫው ሳይጠናቀቅ ወጡ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ99 በመቶ በላይ ወሰዱ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች አልሳተፍም ብለው ቀሩ። በእነዚህ ምርጫዎች አደባባይ ላይ ብዙ ደም አልፈሰሰም፤ የሚወዳደር ሰው ከሌለ የሚገደል ዕጩም አይኖርም።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ጎጃም በረንዳን ወደ ስሙ ምንጭ ይመልሰዋል። ሳሙኤል አወቀ በደብረ ማርቆስ የሚኖር ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር። በ2007 ምርጫ ሰማያዊ ፓርቲን ወክሎ ተወዳደረ። ወንበሩ የፓርላማ ነው፤ አኗኗሩ ግን እንደ ሰፈር ተወዳዳሪ ነው፤ በሚያውቁት ከተማ፣ በእግሩ፣ ያለ አጃቢ። ዛቻ እንደሚደርስበት አስቀድሞ ተናግሯል፣ በጽሑፍም አሰምቷል። ምርጫው ግንቦት 16 አለፈ። ሰኔ 8 ቀን ምሽት ጥቃት ደርሶበት ሞተ። በመካከሉ ያለው 22 ቀን ብቻ ነው፤ ከ1997ቱ 24 ቀን ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ግን ያስደነግጣል። በዚያው ሳምንት በትግራይ አንድ የአረና፣ በሐዲያ ዞን አንድ የመድረክ አባል ተገድለው ተገኙ። ሰማያዊ ፓርቲ ግድያው ፖለቲካዊ ነው አለ፣ መንግሥት ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም አለ። ያ ክርክር እንዳለ ሆኖ የማያከራክረው ነገር ይኼ ነው፤ አንድ ሰው «ሊጎዱኝ ነው» ብሎ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር፤ ጽሑፉን የተቀበለው ሁሉ ምርጫው ካለፈ በኋላ ነገሩ ያለፈ መሰለው።

ሳሙኤል የመረጠው መጠበቂያ ከ1969ኞቹ የተለየ ነበር። እነሱ ጠመንጃ ታጠቁ፣ እሱ ምስክር ፈለገ። ምስክር ከጠመንጃ የተሻለ መሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ቢያንስ ሌላ ሰው አይገድልም። ብቻውን ግን አይበቃም። ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በፊሊፒንስ ማጊንዳናኦ ግዛት ለአገረ ገዥነት ሊወዳደር የተነሳ ሰው የዕጩነት ወረቀቱን ራሱ ይዞ ቢሄድ እንደሚገደል ስለጠረጠረ ሚስቱንና እህቶቹን ላከ፤ ሴቶችን አይነኩም ብሎ። ጋዜጠኞችም ጨመረላቸው፤ ካሜራ ባለበት አይደፍሩም ብሎ። መንገድ ላይ ተይዘው 58 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሱ 32ቱ ጋዜጠኞች ነበሩ። ምስክር የሚያስፈራው ከምስክርነቱ በኋላ የሚጠይቅ ፍርድ ቤት አለ ብሎ የሚያምንን ሰው ነው። እዚያ አገር ዋናዎቹ ተከሳሾች የተፈረደባቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ቢሆንም ተፈረደባቸው።

አደጋ ሁልጊዜ ከድምፅ በኋላ ይመጣል ማለት ደግሞ ከእውነቱ ያርቃል። በየካቲት 2013 የቢሾፍቱ የኢዜማ አስተባባሪ ግርማ ሞገስ በጥይት ሲገደል ምርጫው ገና አራት ወር ይቀረው ነበር። በመተከልና በሌሎች ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ዕጩ ሆኖ መንቀሳቀስ ራሱ ነፍስን መያዝ ነበር። ይሁን እንጂ በ2013 አንድ ከቀድሞው የተለየ ነገር ታየ። እስር ቤት የነበሩት የባልደራስ መሪዎች፣ እስክንድር ነጋን ጨምሮ፣ ዕጩ ሆነው ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ የሚለው ክርክር በግንቦት ወር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ተወስኖላቸው ምርጫ ቦርድ መዘገባቸው። ስማቸው ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ እነሱ ግን ከእስር ሳይወጡ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። እንደ ሕግ ትንሽም ቢሆን እርምጃ ነው። ታስሮ የሚወዳደር ሰው ደህንነቱ ተጠበቀ ይባላል ወይ የሚለውን ግን አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

የምርጫ ሕጉ ዕጩ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ምርጫው እስኪያልቅ እንዳይታሰር ይከላከላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጉድለቱ ያለው «እስኪያልቅ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከላይ የተቆጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ የተጎዱት ምርጫው አልቋል ሲባል ነው። ያሸነፈ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቃለ መሐላ እስኪፈጽም፣ የተሸነፈ ሰው ወደ ሥራው ተመልሶ ቤቱና መደቡ በሰላም እንዳለ እስኪያረጋግጥ ድረስ ያለው ጊዜ ከሕጉም ከፓርቲዎቹም ዕቅድ ውጭ ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ለየዕጩው ከምርጫው በኋላ ለጥቂት ወራት የሚደወልለት አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ያቀረበው አቤቱታ ቁጥር ተሰጥቶት መልስ እስኪያገኝ የሚከታተል አንድ ሰው፣ በተወዳደረ ማግሥት የቀበሌ ቤቱ ውል ወይም የንግድ ፈቃዱ ሲነካ «ለምን አሁን?» ብሎ የሚጠይቅ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ባለሙያ። ከሁሉም ይልቅ ጎረቤት። በ1969 ጠመንጃው ያስለቀቀው የጎረቤት ጥበቃ እስከ ዛሬ በእድርና በዕቁብ ውስጥ ሕያው ነው። ጎጃም በረንዳ ላይ አንድ ሰው ማታ ቤቱ ካልገባ ፖሊስ ሳይሰማ ሰፈሩ ያውቃል።

ለጊዜው ግን ይህ ሁሉ ለወረዳ ወንበር አልተፈተነም። በ2010 መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ የድሮዎቹ ቀበሌዎች በአዲስ አበባ ወደ ወረዳ ተጠቃለው ፋይሎቹ፣ የኪራይ ደረሰኞቹና ቁልፎቹ ወደ አዲሱ ጽሕፈት ቤት ተዛወሩ። ሰኔ 14 ቀን 2013 የአዲስ ከተማ ነዋሪ ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ሁለት የድምፅ ወረቀት ተቀበለ። ኪራይ የሚከፍልበትን ወረዳ ማን ያስተዳድረው የሚል ወረቀት አልነበረም።